መዳፍ ላይ የተሠዋ ቅዳሴ

ሥራውን የተነጠቀ አገልጋይ ለእግዚአብሔር በምን ይታመናል? የቬትናሙ ጳጳስ ንጉየን ቫን ቱዋን ይህን ጥያቄ በእስር ቤት ኖረውበታል።

ሳይጎን በኮሚኒስቶች እጅ ከገባች ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ተያዙ። ያለ ፍርድ 13 ዓመት ታሰሩ፤ 9ኙን ዓመት ብቻቸውን ተዘግቶባቸው። መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳቸው ጅምር የቀረው የሐዋርያነት ሥራቸው ነበር። በኋላ ግን እግዚአብሔርና የእግዚአብሔር ሥራ አንድ አለመሆናቸው ተገለጠላቸው፤ ሥራው ቢወሰድም እሱ አልተወሰደባቸውም። ከታሪካቸው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው፤ ዕድሜውን በአገልግሎት ላሳለፈ ሰው ሁለቱን መለየት እጅግ ከባድ ነውና።

ከዚያ ወዲያ በእጃቸው በቀረው ሠሩ። ምእመናን የሆድ መድኃኒት አስመስለው ከላኩላቸው ወይን ሦስት ጠብታ፣ ከውሃ አንድ ጠብታ መዳፋቸው ላይ አድርገው ይቀድሱ ነበር። በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ጀርባ ለሕዝባቸው መልእክት ጻፉ። ጠባቂዎቻቸውን ቋንቋ አስተማሩ።

በ1988 ተፈቱ፤ በ2001 ካርዲናል ሆኑ። በእስር ቤት ከእንጨት ሠርተው ሳሙና ውስጥ የደበቁትን መስቀል፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ በተሠራ ሰንሰለት፣ ከእስር ከወጡም በኋላ አንገታቸው ላይ ያደርጉት ነበር።