አሮጌውን ኮምፒዩተር ገና አትጣሉት

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ፈቀቅ ልበልና ስለ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላውጋችሁ።

ባለፈው ሰሞን ከአሌክሳንድሪያ ቤልትዌዩን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ አባት ቤት ሄጄ ነበር። ለብዙ ዓመት የእድራቸው ጸሐፊ ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። ስደርስ ልጃቸው የቤዝመንቱን ዕቃ ለይቶ፣ አሮጌውን ኮምፒዩተር ሼዲ ግሮቭ ወስዶ ሊጥለው መኪና ላይ ጭኖታል። "አባዬ፣ ፋይሉን ሁሉ ወደ አዲሱ ገልብጬልሃለሁ" ይላል። እውነቱን ነው፣ ገልብጧል። አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ግን አንድም የአማርኛ ፊደል የለም፤ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ብቻ። የእድሩ ደንብ፣ ቃለ ጉባኤው፣ አስከሬናቸው ወደ አገር ቤት የተላከ ሰዎች መዝገብ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው።

ፋይሉ አልተበላሸም። የእኛ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ደግሞ በ2007፣ ከቪስታ ጋር። ከዚያ በፊት እነ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሞድኢት የየራሳቸውን መላ ፈጥረው ነበር። አንድ ፎንት ያለው ቦታ 256 ብቻ ስለነበር፣ የእንግሊዝኛው ፊደል በሚቀመጥበት ቦታ የእኛን ተከሉበት። ፊደላችን ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ አልበቃ ሲል ለሁለት ፎንት የከፈሉትም ነበሩ። ባለሙያዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ማይክሮሶፍትን ሳይጠብቁ በአማርኛ ያስጻፉን እነሱ ናቸው። ጣጣው፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም።

"ታዲያ ፕሮግራሙን አዲሱ ላይ ለምን አትጭኑትም?" ትሉ ይሆናል። ሞክረናል፣ እምቢ አለ። በዊንዶውስ 3.1 ዘመን የተሠሩ ባለ16 ቢት ፕሮግራሞች በዛሬው ባለ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠሩም።

መላው ቨርቹዋል ማሽን ነው። እዚህ አካባቢ ቤዝመንት ተከራይቶ ያልኖረ ሐበሻ መቼም ጥቂት ነው። ተከራዩ የራሱ በር፣ የራሱ ማድቤት አለው፤ መብራቱና ውሃው ግን የባለቤቱ ነው። ይሄም እንደዚያው ነው። ቨርቹዋልቦክስን የመሰለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ትጭናላችሁ፤ ከሚሞሪውና ከዲስኩ ትንሽ ትቆርሱለታላችሁ፤ እዚያ ውስጥ ባለ32 ቢቱን ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ በእጃችሁ ባለው ሲዲና ቁልፍ ቁጥር፣ ታስገባላችሁ። ኤክስፒ የራሱ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ይመስለዋል። የድሮውን የግዕዝ ፕሮግራም እዚያ ስትጭኑት ምንም እንዳልተለወጠ ሆኖ ይነሳል። ከ2020 ወዲህ በወጡት የአፕል ኤም ቺፕ ባላቸው ማኮች ግን አትድከሙ፣ ፕሮሰሰሩ ሌላ ነው፤ ተራ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ይሻላችኋል።

አደራ፣ ተከራዩን ከኢንተርኔት ቁረጡት። ኤክስፒ ከኤፕሪል 2014 ጀምሮ የደህንነት ጥገና አያገኝም። ፋይል የምታስገቡትና የምታወጡት በጋራ ፎልደር ይሁን።

ጽሑፉ ስለተከፈተ ሥራው አለቀ ማለትም አይደለም። መጀመሪያ እንዳለ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ቢያንስ ዓይን ያነበዋል። ከዚያ በፎንት መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ አዙሩት። ሲዞር ዲቃላ ፊደላትና ቁጥሮች ስለሚሳሳቱ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ያስተያየው። ይህን የሚያደርጉት ደግሞ ስሞቹን የሚያውቁት አባቶችና እናቶች ቢሆኑ ነው የሚመረጠው።

እኚህ አባት ቤት እስኪመሽ ሠራን። የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ሲከፈት መነጽራቸውን አድርገው የተገኙትን አባላት ስም ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። አምስተኛው ስም ላይ ዝም አሉ። ልጃቸው ወጥቶ ኮምፒዩተሩን ከመኪናው አወረደው።

ስወጣ ደግሞ አንድ ካርቶን ሙሉ ፍሎፒ ዲስክ አሳዩኝ። የፊታችን ቅዳሜ በዩኤስቢ የሚሰካ ፍሎፒ ማንበቢያ ይዤ እመለሳለሁ። እስከዚያው ሰላም ቆዩኝ።