አንድ ስም፣ ሁለት ቤት፤ የቴኳንዶ ክፍፍልና ለሙያ ማኅበራት የሚሰጠው ትምህርት



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ እጅና ስለ እግር ስፖርት መናገር በመጀመሪያ ሲሰማ ያለ ቦታው የመጣ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ሙያ ከመምህር ወደ ተማሪ በሚተላለፍበት ሥፍራ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች አይቀሩም፤ መስፈርቱን ማን ያወጣል? ምስክር ወረቀቱን ማን ይሰጣል? መሥራቹ ሲያልፍ ስሙን ማን ይወርሳል? እነዚህ ጥያቄዎች በጊዜው መልስ ሳያገኙ ሲቀሩ ምን እንደሚከተል የቴኳንዶ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

ቴኳንዶ ጥንታዊ የኮሪያ ቅርስ ተደርጎ ቢነገርም በዛሬው መልኩ የ20ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። ኮሪያ በጃፓን አገዛዝ ሥር በነበረችበት ዘመን ወደ ጃፓን ለትምህርት የሄዱ አንዳንድ ወጣቶች ፉናኮሺ ጊቺን ያስፋፉትን ሾቶካን የተባለ የካራቴ ስልት ተምረው ተመለሱ። ከእነዚህም አንዱ ሊ ዎን ኩክ እ.ኤ.አ. በ1944 በሴኡል ማሠልጠኛ ከፈቱ። ከነጻነት በኋላም ሌሎች ተከተሉ፤ እያንዳንዱም «ክዋን» ይባል ነበር፤ ትርጉሙ ቤት ወይም አዳራሽ እንደ ማለት ነው። እነዚህ ቤቶች ሥራቸው ተቀራራቢ፣ ስማቸውና መምህራቸው ግን የተለያየ ነበር። በጃፓን ካራቴ የተማሩት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ እ.ኤ.አ. በ1955 ቴኳንዶ የሚለውን ስም አቀረቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1966ም ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽንን፣ በተለምዶ አይ ቲ ኤፍ የሚባለውን፣ በሴኡል አቋቋሙ።

አንድነቱ ግን ብዙ አልቆየም። ጄኔራሉ ከፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ መንግሥት ጋር በመቃቃራቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ወደ ካናዳ ተሰደዱ፤ ድርጅታቸውም አብሯቸው ሄደ። በዓመቱ በኪም ኡን ዮንግ መሪነት የዓለም ቴኳንዶ ፌዴሬሽን በሴኡል ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1980 ጄኔራሉ ትርኢት አሳዪ ቡድን ይዘው ወደ ፒዮንግያንግ ሲሄዱ፣ በዚያው ዓመት የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ለሴኡሉ ፌዴሬሽን ዕውቅና ሰጠ። እንዲህ ባለ አኳኋን የአንድ ሙያ ሁለት ቤቶች በአንዲት የተከፈለች አገር ድንበር ግራና ቀኝ ቆሙ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1951 የቃኘው ሻለቃን ወደ ኮሪያ ልካ ስለ ነበር፣ ይህ ድንበር ለኢትዮጵያውያን በሩቅ የሚሰማ ወሬ ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ከፖለቲካ አልፎ ወደ ሥራው ገባ። አይ ቲ ኤፍ በቀኑ 24 ሰዓት ልክ የተደረሱ 24 ፓተርኖች አሉት፤ በግጥሚያውም ጓንት ያጠለቀ እጅ ፊትን መምታት ይችላል። የሴኡሉ ቤት ፑምሴ የሚባሉ ሌሎች ድርሰቶች ያስተምራል፤ ተጋጣሚዎቹ የደረትና የራስ መከላከያ ለብሰው በሙሉ ኃይል ይመታታሉ፤ ራስን በእጅ መምታት ግን ክልክል ነው።

በዚህ ረገድ የመለኪያው ጉዳይ የመሐንዲስን ትኩረት ይስባል። በዳኞች ዓይን ላይ ይነሣ የነበረውን ክርክር ለማስቀረት ሲባል በ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ የኤሌክትሮኒክ ደረት መከላከያ ሥራ ላይ ዋለ። መሣሪያው በተጋጣሚው እግር ላይ ካለው ማግኔት ጋር ግንኙነት ሲያገኝና የምቱ ኃይል ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ ነጥብ ይመዘግባል። የዳኝነት ቅሬታው ቀነሰ፤ ነገር ግን ስፖርቱ ራሱ መለወጥ ጀመረ። ተወዳዳሪዎች የፊት እግራቸውን አንሥተው እንደ ሻሞላ በመግፋት ነጥብ መልቀም ተማሩ። ይህን ለማረም ዞሮ የሚሰነዘር ርግጫ የበለጠ ነጥብ እንዲያስገኝ ደንቡ ተሻሻለ። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው፤ ሠልጣኝ ዘወትር የሚለማመደው መምህሩ የሚያወድሰውን ሳይሆን መለኪያው የሚቆጥረውን ነው። በመሆኑም መስፈርት የሚያወጣ አካል ሳያውቀው የሙያውን መልክ እየቀረጸ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የውርስ ነው። ጄኔራል ቾይ እ.ኤ.አ. በ2002 በፒዮንግያንግ ሲያርፉ ድርጅታቸው ከሦስት ተከፈለ፤ አንዱን የሰሜን ኮሪያው ቻንግ ኡንግ፣ ሁለተኛውን ትራን ትሪው ኳን፣ ሦስተኛውን ልጃቸው ቾይ ጁንግ ህዋ መሩት። ሦስቱም አይ ቲ ኤፍ ተባሉ፤ ሦስቱም እውነተኛው ወራሽ እኛ ነን አሉ። ይህ በቴኳንዶ ብቻ የደረሰ አይደለም። በካራቴም ፉናኮሺ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሞቱ ተማሪዎቻቸው ተለያዩ፤ የክዮኩሺን መሥራች ማስ ኦያማ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲያርፉም በወራሽነት ክርክር ድርጅታቸው ተከፋፈለ። በሁሉም ዘንድ የችግሩ ሥር አንድ ነው፤ ማዕርግን የመስጠት ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ነበርና ሰውየው ሲያልፍ ሥልጣኑ ባለቤት አጣ።

የዚህ ክርክር ዕዳ የሚወድቀው በባለ ሥልጣኖቹ ላይ ሳይሆን በሠልጣኙ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሁለቱም ቤቶች ተከታዮች አሏቸው። በእንጭኒም ሆነ በአምቦ ልጁን ወደ ልምምድ የሚልክ ወላጅ ግን ስሙ ቴኳንዶ መሆኑን እንጂ የየትኛው ቤት መሆኑን አይጠይቅም። ልጁ ዓመታት ደክሞ ጥቁር ቀበቶ ከታጠቀ በኋላ፣ ቀበቶው በአንደኛው ቤት የሚከበር፣ በሌላው ግን የማይቆጠር ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ሰሎሞን ቱፋ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ግራም ለኢትዮጵያ ሲሰለፍ የሄደበት መንገድ ለአንደኛው ቤት ብቻ የተከፈተ ነበር። በሌላው በር የገባ ወጣት ምንም ያህል ቢበረታ በለመደው ሕግ ወደዚያ መድረክ አይደርስም።

ልዩነት ሁሉ ግን ጥፋት ነው ማለት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለዚህ ምስክር ነው። በቅኔ ጎንጅ፣ ዋሸራና ዋድላ፤ በድጓ ዜማም ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የየራሳቸው መንገድና የየራሳቸው የመምህራን ሐረግ አላቸው። ተማሪዎቹም በቤታቸው ይመካሉ፤ ይፎካከራሉም። ነገር ግን ዜማውን የደረሰው ያሬድ ነው በሚለው ሁሉም ይስማማሉ፤ ቤተልሔምም የድጓ ማስመስከሪያ በመሆን ትታወቃለች። ፉክክሩ በጋራ መሠረት ላይ ስለ ቆመ ትምህርቱን አበለጸገው እንጂ አላፈረሰውም።

የቴኳንዶ ቤቶችም ዘግይተው ወደዚህ አቅጣጫ ዞር ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በናንጂንግ የሴኡሉ ፌዴሬሽን መሪ ቹ ቹንግ ዎን እና ቻንግ ኡንግ፣ የአንዱ ስፖርተኛ የሌላውን ደንብ ጠብቆ በሌላው ውድድር እንዲሳተፍ የሚፈቅድ ስምምነት ፈረሙ። በ2018ም በፒዮንግቻንግ የክረምት ኦሊምፒክ ወቅት የሁለቱ ቤቶች ቡድኖች በአንድ መድረክ ትርኢት አሳዩ። ክፍፍሉ በዚህ አልጠፋም፤ የዕውቅና በር ግን በጥቂቱ ተከፈተ።

ለማኅበሩ አባላት የሚቀርበው ምሳሌ ከእንጭኒ ሩቅ አይደለም። ከሙገር ፋብሪካ የሚወጣ ሲሚንቶ በማንኛውም የግንባታ ሥፍራ የሚታመነው ያመረተው መሐንዲስ የማን ደቀ መዝሙር እንደ ነበረ ተጠይቆ አይደለም። ናሙናው በ28 ቀን ተጨምቆ፣ ጥንካሬው በታወቀ መንገድ ተለክቶ፣ ውጤቱ ከማንኛውም ፋብሪካ ውጤት ጋር ስለሚነጻጸር ነው። ፋብሪካዎች ይወዳደራሉ፤ መለኪያው ግን የማንም የግል ንብረት አይደለም።

ስለዚህ ማንኛውም የሙያ ማኅበር ሦስት ነገር ሊጠብቅ ይገባዋል። መስፈርቱን ከመሪው ስም ለይቶ በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ የምስክርነቱን ሥልጣን ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሚተካካ ጉባኤ ይስጥ፤ በሌላ መንገድ የተማረውንም ፈትኖ የሚቀበልበት በር ይኑረው። መምህርን ማክበር የሙያ ሁሉ ሥር ነው፤ ነገር ግን መምህሩን የሚያከብር ተማሪ መምህሩ በሌለበት ቀን የሚጸና ሥርዐት አስቀድሞ ይሠራለታል። ይህ ሳይደረግ ከቀረ፣ ሽማግሌዎቹ ስለ ስሙ ሲከራከሩ ዋጋውን የሚከፍለው ቀበቶውን በላቡ ያገኘው ወጣት ይሆናል።