ቁልቁል የሚያብበው ኦርኪድ

እሱ፦ ስታንሆፒያ የሚባለው ኦርኪድ ከሜክሲኮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ባሉ ደኖች ዛፍ ላይ ተጣብቆ ይኖራል።

እሷ፦ ዛፉን ይመጠዋል ማለት ነው?

እሱ፦ በፍጹም! ዛፉ ማረፊያው ብቻ ነው። ውሃውን ከዝናብና ከጉም ያገኛል።

እሷ፦ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በሸክላ ማሰሮ አሳድጌው አንድም አበባ አላየሁም።

እሱ፦ አየሽ፣ እምቡጡ ወደ ላይ አይወጣም። ሥሩን ሰንጥቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ የማሰሮው መቀመጫ ሲያግደው እዚያው ይበሰብሳል።

እሷ፦ ውይ! ለካ ውስጥ ውስጡን ያብብ ኖሯል። ታዲያ በምን ልትከለው?

እሱ፦ ሥሩ ክፍት በሆነ የእንጨት ወይም የሽቦ ቅርጫት። አፈር አይሁን፣ የዛፍ ቅርፊት ይሁን። ከዚያ ከፍ አድርገሽ ስቀዪው።

እሷ፦ ፀሐይስ?

እሱ፦ የቀትሩ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፤ ጥላ ይሻላል።

እሷ፦ ግን እኮ አበባው ሦስት ቀን ገደማ ነው የሚቆየው። ለዚያ ሁሉ ድካም አያንስም?

እሱ፦ አያንስም! መዓዛው ቤቱን ይሞላዋል። በአገሩ የሚያብረቀርቁ ወንድ ንቦች ለዚያ ሽታ ብለው ይመጣሉ።

እሷ፦ ለወለላው አይደለም?

እሱ፦ ወለላ የለውም። ሽታውን ራሱን ነው ሰብስበው የሚሄዱት።

እሷ፦ እሺ፣ ተረታሁ። አድማጮቻችን፣ በማሰሮ የተከላችሁ ካላችሁ ወደ ቅርጫት አዛውሩት።