መርፌውና የወር አበባ

ዛሬ እናቶችና እህቶች ሐኪሙን ሳይሆን ጎረቤትን በሹክሹክታ የሚጠይቁትን ጉዳይ እናነሳለን።

በየሦስት ወሩ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ ዴፖ ፕሮቬራ፣ ሆርሞን ነው። እንቁላል እንዳይወጣ ይከለክላል፣ የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋንም ያሳሳል። ስለዚህ የወር አበባ ይዛባል፣ ይዘገያል፣ ጭራሹንም ሊቀር ይችላል። ዓመት ሙሉ ከተወጉት ሴቶች ግማሽ ያህሉ አያዩም። «ደሙ ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ» ብላችሁ አትስጉ፤ የሚጠራቀም ደም የለም። የመርፌው ቀን ካለፈ ግን የእርግዝና ምርመራ አድርጉ።

ደግሞም መርፌውን ካቆሙ በኋላ ማርገዝ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊዘገይ ይችላል። ቶሎ ልጅ የምትፈልግ ሴት ይህን ሳትወጋ በፊት ልታውቅ ይገባል። መርፌው ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንትንም ያሳሳል።

በ2012 እህቶቻችን ሳይገባን ተወጋን ብለው በእስራኤል ቴሌቪዥን ተናገሩ። በጃንዋሪ 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ሥራ አስኪያጅ ለአራቱ ኩፓት ሆሊም ደብዳቤ ጻፉ፤ ሴቲቱ የመርፌውን ነገር መረዳቷ ካጠራጠረ መርፌው እንዳይታደስላት፣ ካስፈለገም አስተርጓሚ እንዲጠራ።

እንግዲህ አስተርጓሚ ጠይቁ። የአሥር ዓመት ወንድ ልጃችሁን ግን ለዚህ ይዛችሁ አትግቡ፤ ለእናንተም ለእሱም ሐፍረት ነው፣ ግማሹንም ዘሎ ይተረጉማል።