የሕዋሳት ትእዛዝና የጉሮሮ ነቀርሳ



የመምህር ዋነኛ መሣሪያው ድምፁ ነው። ድምፁ በሻከረ ጊዜም የጠመኔ ብናኝና የክፍሉ ጩኸት ያመጡበት ነው ተብሎ ይታለፋል፤ አብዛኛውንም ጊዜ ነገሩ እንደዚያው ነው። ይሁን እንጂ ከሦስት ሳምንት በላይ የሰነበተ መሻከር፣ በአንገት ላይ የወጣ እብጠት፣ እየባሰ የሚሄድ የመዋጥ ችግር በሐኪም ሳይታይ ሊቀር አይገባም፤ የጉሮሮ ነቀርሳ ራሱን የሚገልጠው በእነዚሁ ምልክቶች ነውና። ስለዚህ ደዌ የሚነገረው ብዙ ነው። አንዱ ርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ነቀርሳው የሚጋባ መስሎት ከታማሚው ማዕድ ይሸሻል። እውነቱ ግን ነቀርሳ በሰውነት ሕዋሳት መካከል የሚተላለፈው ትእዛዝ ሲበላሽ የሚመጣ በሽታ መሆኑ ነው።

የሰው አካል እጅግ ብዙ ከሆኑ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ጤነኛ ሕዋስ በገዛ ፈቃዱ አይባዛም፤ እንዲባዛ ወይም እንዲያቆም መልእክት ይደርሰዋል። ከመልእክተኞቹ አንዱን ያገኘው ስታንሊ ኮኸን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ነው። ንጥረ ነገሩ አዲስ የተወለዱ አይጦችን ዓይን ከጊዜው አስቀድሞ ሲያስገልጥ ተመልክቶ መረመረው፤ ስሙም ኤፒደርማል ግሮውዝ ፋክተር ተባለ። ኮኸን ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

መልእክተኛው ሥራውን የሚጀምረው በሕዋሱ ገጽ ላይ ከቆመው ተቀባይ ጋር ሲጋጠም ነው። ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. የሚባለው ይህ ተቀባይ ሲነቃ ትእዛዙ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው እየተቀባበለ እስከ ሕዋሱ አስኳል ይደርሳል፤ ሕዋሱም ይባዛል። ቁስል ሲሽር የሚረዳው ይኸው ሥርዓት ነው፤ ሥራው ሲፈጸምም ትእዛዙ ይቆማል። ይህን በትምህርት ቤት ደወል መመሰል ይቻላል፤ አንዱ ደወል ያስጀምራል፤ ሌላው ያሰናብታል።

በጉሮሮ ነቀርሳ ግን የሚያስጀምረው ደወል ሳያቋርጥ ይደውላል፤ የሚያሰናብተው ዝም ይላል። በአብዛኛዎቹ ታማሚዎች የነቀርሳ ሕዋስ ላይ ተቀባዩ ከልኩ በላይ በዝቶ ይገኛል። ፒ53 የተባለው ጠባቂ ፕሮቲን፣ የተበላሸውን ሕዋስ አስቁሞ ማስጠገን፣ ካልሆነም እንዲሞት ማድረግ ሲገባው፣ ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ ተበላሽቶ ይገኛል። መባዛቱ ሲቀጥል ነቀርሳው አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉለት ሌላ መልእክት ይልካል፤ ሕዋሳቱም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ያስተሳሰራቸውን ማሰሪያ ፈትተው ወደ አንገት ንፍፊቶች ይሻገራሉ። በሽታው ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያልፈው እንዲህ ነው።

የጥፋቱስ መነሻ ምንድን ነው? የትንባሆ ጢስና የአልኮል መጠጥ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን የዘር ጽሕፈት ያበላሻሉ፤ ሁለቱ ሲተባበሩም ጉዳቱ ይበረታል። ኤች.ፒ.ቪ. የሚባለው ቫይረስ፣ በተለይም 16ኛው ዓይነት፣ በራሱ ፕሮቲን ጠባቂውን ፒ53ን ያስወግዳል። ከጉሮሮ ዝቅ ብሎ በምግብ መውረጃው ቧንቧ ላይ የሚነሣው ነቀርሳ ደግሞ በኢትዮጵያ በአርሲና በባሌ፣ በኬንያም በቦሜት አካባቢ በብዛት ታይቷል። ዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥ ለዚህኛው ነቀርሳ መንሥኤ ሳይሆን እንደማይቀር አስታውቋል።

የተቀባዩን በር የሚዘጋ ሴቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ለራስና ለአንገት ነቀርሳ ተፈቅዷል። ሆኖም በአንዱ መንገድ የተዘጋ ትእዛዝ በሌላው ሾልኮ ሊያልፍ ስለሚችል መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቀዶ ሕክምናና የጨረር ሕክምና ዛሬም ዋነኞቹ ናቸው።

ይህ ሁሉ በኬንያው ሞያሌ ለምትገኘው ለጎዶማ ምን ይጠቅማል? ከሞያሌ እስከ ናይሮቢም ሆነ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ያን መንገድ መጀመር ለታማሚውም ለቤተ ሰቡም ከባድ ነው፤ ገና በአንድ ስፍራ ሳለ የተገኘ ነቀርሳ ግን ብዙ ጊዜ ሊድን ይችላል። ስለዚህ ከሐኪሙ አስቀድሞ የሚደርሰው መምህሩ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለ14 ዓመት፣ ኬንያም በ2019 ለ10 ዓመት ልጃገረዶች የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት መስጠት ጀምረዋል። ክትባቱ የታሰበው ለማኅፀን በር ነቀርሳ ቢሆንም ያንኑ 16ኛውን ዓይነት ቫይረስ ይከላከላል። ወላጅ ሲያመነታ የሚጠይቀው መምህሩን ነው፤ ተማሪ የመጀመሪያዋን ሲጋራ ሲያነሣ ሊያየው የሚችለውም እርሱ ነው። ሻይ በረድ ሲል ይጠጣ ብሎ ማስተማር ገንዘብ አይጠይቅም። ድምፁ ለሳምንታት የሻከረውን የሥራ ባልደረባ ጠመኔው ነው ብሎ ከማጽናናት ይልቅ ወደ ሐኪም መሸኘት ይበልጣል።