«ትንሽ ብቻ ቀረችኝ»

ዛሬም ቀለም ቀቢው፣ ኤሌክትሪሻኑ፣ ቆርቆሮ መቺው መሰላሉን ተሸክሞ ወጥቷል። ብዙው የባሕር ዛፍ ነው። በእርጥቡ ይመታና ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሚስማሩም ይላላል። ከሩቅ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል። መርገጫዎቹን አንድ በአንድ ነቅነቅ አድርጎ ማየት ስንት ጊዜ ይፈጃል?

አቋቋሙም ልክ አለው። መሰላሉ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ከተደገፈ፣ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ከቀረበ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ከራቀ ይንሸራተታል። በሊሾ ወለል ላይ ካርቶን የሚያነጥፉለትም አሉ፤ እንዲያው ተንሸራተት ብሎ መጋበዝ ነው። የአሉሚኒየም መሰላል ይዞ መብራት መስመር አጠገብ መሥራትማ አይነሳ!

ደግሞ ቀለም ቀቢውን እዩት። ባልዲ በአንድ እጁ፣ ብሩሽ በሌላው። ታዲያ መሰላሉን በምኑ ይያዝ? ባልዲው በመንጠቆ ይንጠልጠል። ጥግ ላይ ስትደርስ «ትንሽ ብቻ ቀረችኝ» ብለህ አትንጠራራ፤ ወርደህ መሰላሉን አስጠጋ።

አሠሪዎች፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በእናንተ ላይ ነው። መሰላሉን የያዘውን ልጅ ሚስማር እንዲገዛ ልትልኩት ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ መሰላሉ ላይ ያለው ይውረድ።