አዲስ አምፕሊፋየር ከመግዛታችን በፊት



አዘጋጅ ኮሚቴው ሲጋብዘኝ ስለ ሕክምና ሙያ እንድናገር ነበር የጠበቀው። እኔ ግን የዛሬውን አጀንዳ ሳነብ አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። «ለሬዲዮ ክበቡ አዲስ የኃይል አምፕሊፋየር መግዣ መዋጮ» ይላል። በሕክምና ተማሪነቴ ስንት ማታ ያሳለፍኩት በዚያ ክበብ ክፍል ነውና፣ ዝም ብዬ እጄን ለማውጣት አልቻልኩም። ስለዚህ ይቅርታ አድርጉልኝና ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ነው። ሕክምናውም ከመሃል መግባቱ አይቀርም።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። አማተር ሬዲዮ ማለት ለትርፍ ሳይሆን ለመማርና ከሰው ለመገናኘት በፈቃድ የሚሠራ ሬዲዮ ነው። የአገራችን ጣቢያዎች መጠሪያ «ኢቲ» ብሎ ይጀምራል። መደበኛው ሬዲዮ የሚያወጣው ኃይል 100 ዋት ያህል ነው። አምፕሊፋየር ያንን ተቀብሎ 1000 ዋት ገደማ ያደርገዋል። የኛው ማሽን ባለ ቫልቭ ነበር፤ 3-500ዜድ የሚባሉ ሁለት ቫልቮች፣ ሲበሩ እንደ ፍም የሚቀሉ፣ በላያቸው ላይ 3000 ቮልት የሚጫንባቸው። ከሚስቡት ኃይል ስድሳ በመቶ ያህሉ ወደ አንቴናው ይሄዳል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ነው ቬንቲሌተሩ አንድ ደቂቃ እንኳ መቆም የሌለበት።

እኔ ክበቡን የተቀላቀልኩት በ1992 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። አምፕሊፋየሩ ያን ጊዜም ጥግ ላይ፣ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። «ምን ሆኖ ነው?» ስል «ፊውዝ ይበላል» አሉኝ። ለተወሰነ ጊዜ በደንብ ይሠራል፤ ከዚያ ድንገት ጧ ይልና ፊውዙ ይቃጠላል። ከኛ በፊት የነበሩት ልጆች መጀመሪያ ፊውዝ ቀየሩ። ከዚያ ወፈር ያለ ፊውዝ አስገቡ፤ ትራንስፎርመሩ መሽተት ጀመረ። በመጨረሻ አንድ በጎ አድራጊ ለመለዋወጫ የላከውን ገንዘብ በሙሉ አውጥተው ሁለቱንም ቫልቮች ለወጡ። አዲሶቹ ቫልቮች በገቡ በሳምንቱ ያው ጧታ ተሰማ።

የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን፣ ሁላችንም ጋሼ ብቻ እያልን የምንጠራቸው ሰው፣ ታሪኩን ሰምተው ሳቁ። «ዶክተሬ፣» አሉኝ፤ ገና ሦስተኛ ዓመት ነኝ እኮ፤ «በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» «የሕመሙን ታሪክ እጠይቃለሁ» አልኳቸው። «ታዲያ ይሄንን ማን ጠየቀው?»

ክዳኑን እንድከፍት ፈቀዱልኝ። እዚህ ላይ የሆነውን፣ በተለይ የዛሬ ተማሪዎች ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

ሶኬቱን ነቀልኩ። በማሽኑ ውስጥ ኃይል የሚያጠራቅሙ ስምንት ካፓሲተሮች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ 200 ማይክሮፋራድ፣ በተከታታይ ሲያያዙ በጠቅላላው 25 ማይክሮፋራድ። በያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ባለ 30 ሺህ ኦም ሬዚስተር አለ። የሬዚስተሮቹ ሥራ ሁለት ነው፤ 3000ውን ቮልት ለስምንቱ እኩል ማካፈል፣ ማሽኑ ሲጠፋ ደግሞ ካፓሲተሮቹን ማፍሰስ። በሒሳቡ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ የሚቀረው 20 ቮልት ያህል ነው። እኔም አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። የቮልት መለኪያው መርፌ ከዜሮ ጥቂት ከፍ ብሎ ቆሟል። «አርጅቶ ነው» ብዬ እጄን ልሰድ ስል ጋሼ ክንዴን ያዙኝና በትሩን ሰጡኝ፤ ጫፉ ላይ ብረት ያለው፣ ብረቱም በሽቦ ከማሽኑ ኧርዝ ጋር የተያያዘ ደረቅ የፕላስቲክ ዘንግ ነው። የካፓሲተሮቹን አናት ነካሁበት። ጧ! ብልጭታው ዓይኔን መታው።

«በቃ ሞተ» አልኩና በትሩን አነሳሁ። ጋሼ «ቆዪ» አሉ። ግማሽ ደቂቃ ጠበቅን። «አሁን ድገሚው።» ደገምኩት። ጧ! እንደገና ጮኸ።

ሙት ነው ያልነው ነገር በዓይናችን ፊት ተነሳ ነው የምላችሁ! ምክንያቱን በኋላ ወረቀት ላይ ስንሠራው ገባኝ። ከስምንቱ ሬዚስተሮች አንዱ ውስጡ ተቆርጧል። የሱ ካፓሲተር የሚያፈስለት ስላጣ ከ350 ቮልት በላይ እንደያዘ ቀርቷል። ስምንቱን አንድ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስናገናኛቸው ያ ካፓሲተር ከያዘው የሚለቀው አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሰባቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ ይሞላሉና ድምሩ ለጊዜው ዜሮ ይመስላል። በትሩ ሲነሳ ሰባቱ በየሬዚስተራቸው ይፈሳሉ፤ የዚያኛው ቮልት ደግሞ ተመልሶ ብቅ ይላል። መድኃኒቱ እያንዳንዱን ካፓሲተር ለየብቻው ማፍሰስ ነው። መርፌዋም አላረጀችም። እውነቱን ስትነግረኝ ያላመንኳት እኔ ነኝ።

ዛሬ እንደ ሐኪም ያንን ሳጥን በሌላ መለኪያ አየዋለሁ። 25 ማይክሮፋራድ በ3000 ቮልት ሲሞላ ወደ 112 ጁል ይይዛል። ምቱ ተዛብቶ የሚርገበገብ ልብ ለማስተካከል በዘመናዊው ዲፊብሪሌተር ለአዋቂ ሰው የምንሰጠው ከ120 እስከ 200 ጁል ነው። ልዩነቱ፣ እኛ ስንሰጥ ሰዓቱንም ቦታውንም መርጠን ነው። ሳጥኑ ግን አይመርጥም፤ ጤነኛ ልብ ያገኛል፣ ያዛባዋል። ስለዚህ ሶኬት መንቀል፣ መጠበቅ፣ መለካት፣ በበትር ደግሞ ደጋግሞ መንካት፣ አንድ እጅን ኪስ ውስጥ ማድረግ፣ ብቻን ሆኖ ክዳን አለመክፈት ግዴታ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ወግ አድርጋችሁ አትዩት።

እንግዲህ ሬዚስተሩን ቀየርን። ይሁን እንጂ የመጣንበት በሽታ እሱ አልነበረም፤ ሌላ ስንፈልግ በአጋጣሚ ያገኘነው ነው። ፊውዙን ማን እንደሚበላው ገና አላወቅንም።

የዚያን ጊዜ ታሪክ መጠየቅ ጀመርን። መቼ ነው የሚሆነው? የጣቢያውን መዝገብ ገለጥን። ጧታው የተመዘገበባቸው ቀናት በሙሉ ከሰኔ እስከ መስከረም ነበሩ። በበጋ አንድም የለም። ቀጥሎ ማሽኑን ከአንቴናው ለይተን ደሚ ሎድ ላይ አሰርነው፤ ዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የተነከረ ባለ 50 ኦም ሬዚስተር ነው፣ ኃይሉን ተቀብሎ ወደ ሙቀት ይለውጣል እንጂ ወደ ሰማይ አይልክም። ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ሠራ። ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ እያሳረፍን ሞከርነው፤ ምንም አላለም። ስለዚህ በሽታው ሳጥኑ ውስጥ የለም።

ጣሪያ ላይ ወጣን። የኮአክሲያል ገመዱ ከአንቴናው የሚገናኝበትን ማያያዣ ጋሼ ሲፈቱት ውኃ ጠብ አለ። የመዳቡ ጥልፍ አረንጓዴ ሆኗል።

«ታዲያ በ100 ዋት ለምን ደህና ይሠራል?» አልኩ። ጥያቄው ጥሩ ነበር። በ50 ኦም ገመድ ላይ 100 ዋት ሲላክ ቮልቱ 70 ገደማ ነው፤ 1000 ዋት ሲላክ 224 ይደርሳል። በዝግ እርምጃ ሲሄድ ደህና ሆኖ፣ ዳገት ሲወጣ ብቻ ደረቱን የሚያመውን በሽተኛ አስቡት። የበሰበሰው ማያያዣ ትንሹን ኃይል ይችለዋል፤ ትልቁ ሲመጣ ግንኙነቱ ይቋረጣል። በደህናው ቀን ከቫልቮቹ ቀጥሎ ያለው ማስማሚያ እስከ 2000 ቮልት የሚደርስ የሬዲዮ ሞገድ ይሸከማል። አንቴናው ድንገት ሲጠፋበት ኃይሉ መሄጃ ያጣል፤ ቮልቱ ይወጣና በማስማሚያው ካፓሲተር ዝርግ ብረቶች መሃል እሳት ይዘላል። ጧታው እሱ ነው። በዚያው ቅጽበት ማስማሚያው ከልኩ ይወጣል፣ ቫልቮቹ የሚስቡት ጅረት ያሻቅባል፣ ፊውዙ ይቃጠላል። ብረቶቹ ላይ የተቃጠሉ ነጥቦች በዓይን ይታዩ ነበር። ክዳኑን ከፍተው ቫልቭ የቀየሩት ልጆች ሁሉ ዓይናቸው ሥር ነበሩ፤ ግን የሚፈልጉት ቫልቭ ነበርና አላዩአቸውም።

ማያያዣውን ቀየርን፣ ውኃ በማያስገባ ቴፕ ጠቀለልነው። ብረቶቹን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሰለስን። ትክክለኛውን ፊውዝ መለስን። ጠቅላላ ወጪው ከምሳ ሒሳብ አይበልጥም ነበር። ማሽኑም እኔ እስክመረቅ ድረስ ክረምት ከበጋ ሠርቷል።

ይህን ትምህርት ተምሬ ጨረስኩ ብዬ ነበር። አልጨረስኩም። ከተመረቅኩ በኋላ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል አንዲት እናት ጠዋት ጠዋት ራሷን እያመማት፣ እያጥወለወላት ትመጣ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ማስታገሻ ሰጠኋት። በሁለተኛው መድኃኒቱን ለወጥኩ። በሦስተኛው ልጇንም ይዛ መጣች፤ «እሱንም እንደኔው አመመው» አለች። ያን ጊዜ ነው ገና «ማታ ቤት ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ?» ብዬ የጠየቅኳት። ክረምት ነው፤ ከሰሉ በምድጃ ውስጥ፣ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ያድራል። የከሰል ጭስ መርዝ ነበር። ሁለት ጊዜ ፊውዝ ቀይሬ ሰድጃታለሁ። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ይህ ግን የኔ ብልሃት አይደለም፣ ሦስተኛ ጊዜ በመምጣቷ ነው። ጋሼ ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ «ማን ጠየቃት?»

አሁን ወደ አጀንዳው ልመለስ። የክበቡ ልጆች ትናንት ክፍላቸውን አሳዩኝ። አሮጌው ማሽን ዛሬም ጥግ ላይ፣ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። «ምን ሆኖ ነው?» ስል አንዱ ልጅ «ተበላሽቷል፣ አዲስ ሊገዛልን ነው» አለኝ። ማን እንደመረመረው ጠየቅኩ። ማንም።

አዲሱ ሊገዛ የታሰበው ባለ ትራንዚስተር ነው። ጥሩ ማሽን ነው፤ 3000 ቮልት የለበትም፤ በ50 ቮልት አንድ ትራንዚስተር ከ1000 ዋት በላይ ይሰጣል። ነገር ግን ቫልቭ ክፉ አንቴናን ለጥቂት ጊዜ ይታገሳል፤ ትራንዚስተር መከላከያው ካልቀደመለት ዓይን ሳይርገበገብ ይሞታል። በዚያው ጣሪያ፣ በዚያው ገመድ ላይ ካሰርነው የሚሆነውን መገመት አያቅትም።

ደግሞ ስሌቱን እንየው። ከ100 ወደ 1000 ዋት ማደግ 10 ዴሲቤል ነው፤ ሩቅ ባለው ሰው መለኪያ ላይ ሁለት ነጥብ አይሞላም። አምፕሊፋየር ያስጮኸናል እንጂ አያሰማንም። በደንብ የተሠራ ባለ ሦስት ዘንግ አንቴና ግን ወደምንፈልገው አቅጣጫ ኃይላችንን ሦስት እጥፍ ያህል ያደርገዋል፤ ስንሰማም እንደዚያው ይረዳናል።

ስለዚህ ልመናዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከመዋጮው አስቀድሞ አንቴናው፣ ገመዱና ኧርዙ ይታደስ። ሁለተኛ፣ አሮጌው ማሽን አዋቂ ባለበት በልጆቹ እጅ ይመርመር፤ ከዳነ እሰየው፣ ካልዳነም ለምን እንደሞተ ጽፈው ያስረዱን። ሦስተኛ፣ ልጆቹን የሚያሠለጥን ሰው ክፍያ በየዓመቱ ይያዝ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አዲሱ ማሽን ካስፈለገ፣ መጀመሪያ ኪሱ የሚገባው እኔ ነኝ።

ጋሼ ዛሬ በመካከላችን የሉም። በትራቸው ግን እዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየሁት፤ ሽቦው ላልቶ ነበር፣ አጥብቄው መጣሁ።